ባዶ ዘንቢል

ባለፈው ዓመት ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ገና ድረስ በየማለዳው ባዶ ዘንቢል አንጠልጥዬ የጅማን መንገድ ስመላለስ ከረምኩ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። በዚያ ሰዓት ግማሾቹ ሱቆች ገና አልተከፈቱም። ዘንቢሉን የያዝኩት መልስ እንዲሆነኝ ብዬ ነው።

በእኛ ሰፈር ሰው በእግሩ ሲሄድ ታይቶ ዝም አይባልም። ባለሱቁ በሩን እየከፈተ «እትዬ፣ የት ነው በጠዋቱ?» ይላል። ወተት የምታመጣው ሴት «ኤሳ ዴምቱ?» ትላለች። ባጃጁ ፍጥነቱን ቀንሶ ጎኔ ይጠጋና ጥሩምባውን ነካ ነካ ያደርጋል፤ እሱም መጠየቁ ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ መመለስ ለ43 ዓመት ሴት፣ ያውም ነጠላ ለለበሰች፣ ያውም ሁለቱም ልጆቿ በቁመት ላለፏት ሴት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘንቢል ከያዝኩ ግን ማንም አያስቆመኝም። ዘንቢል የያዘች ሴት ገበያ ነው የምትሄደው፣ አለቀ።

«ለምንድን ነው ስፖርት የማትሠሪው?» ላለኝ ሁሉ ለዓመታት የሰጠሁት መልስ ያው ነበር። ጊዜ የለኝም። ዝናቡ መች አባራ። ጉልበቴን ያመኛል። ጾም ይውጣና። ከሰኞ እጀምራለሁ። አንዱም ውሸት አልነበረም፤ ጅማ ጭቃ የለም የሚል ሰው ካለ ሐምሌ ላይ መጥቶ ይንገረኝ። ግን እነዚህ ሁሉ ፊት ለፊት የቆሙ ነበሩ። ከኋላቸው ተደብቆ የነበረው ይሉኝታ ነው። ቃሉ «ይሉኛል» ከማለት የመጣ መሆኑን እንኳ ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው። ማነው የሚለኝ? ምን ብሎ? ይሄ ስም የሌለው «እነሱ» ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ኖሮ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ መልኩን አይቼው አላውቅም።

መነሻዬ ግፊት ነው። ለሌላ ነገር ሄጄ ስለካ 152 በ96 ተባለ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቱን እያየ «በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» አለኝ። እንደ ቀላል ጥያቄ መልስ ልሰጥ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከቤቴ ደጃፍ ባጃጅ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከባጃጁ ወርጄ ቢሮ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ማታ ደግሞ ቡናው ዙሪያ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት። በቀን ውስጥ የምቆመው ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ለመሻገር ብቻ ነበር። መድኃኒት ጀመረልኝና «በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ። መድኃኒቱን በዚያው ቀን ገዛሁ።

ከቆይታ በኋላ ያነበብኩት አንድ የቆየ ጥናት አለ፤ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጄሪ ሞሪስ የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሥራ የከተማዋን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አነጻጸረ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይነዳሉ። ትኬት ቆራጮቹ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንድ መኪና ላይ አብረው ይውላሉ፤ የልብ ሕመም ግን ሾፌሮቹን ይበልጥ ይይዛቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በታክሲ ስሄድ ወያላውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። እኛ ስናዝንለት፣ እሱ እየዘለለ ይወርዳል፣ እየሮጠ ይንጠለጠላል። እኔ ሾፌሩ ነበርኩ፤ ያውም መኪና የሌለኝ ሾፌር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ እንደ ማንኛውም ሰው መስከረም ላይ ነበር። አዲስ ዓመት፣ አዲስ ሰው። ጂም ገባሁ፤ የሦስት ወር ከፍዬ። አራት ቀን ነው የሄድኩት። ቤቱ ምንም አላጠፋም፤ ልጆቹም ደግ ናቸው። ግን ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ በየትም ብዞር ራሴን አገኘዋለሁ። ሙዚቃው ጆሮ ይሰነጥቃል። አሠልጣኙ የልጄ እኩያ ሲሆን «ማዘር፣ ወገብዎን ቀጥ ያድርጉ!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ወደ ወገቤ የዞረ ይመስለኛል። አልዞረም። እነዚያ ወጣቶች ከራሳቸው ክንድ ሌላ የሚያዩት ነገር አልነበረም። ይሄን ግን ያኔ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ማግስት ጭኔና ጀርባዬ ተያይዞ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። እናቴ ሰምታ መጣችና ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ምች ነው የመታሽ አለች። «ላብሽን ሳታደርቂ ብርድ ላይ ወጣሽ!» ዳማ ከሴ ታሽቶ ጠጣሁ፣ ታጠንኩ፣ ተሸፋፍኜ ተኛሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ። እናቴ ዳማ ከሴውን አመሰገነች። ዛሬ እንደማውቀው፣ ያልለመደ ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ሕመሙ በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው፤ ከዚያ በራሱ ይለቃል። ቀስ ብሎ ለጀመረ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ያን ያህል አይመጣም። ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እንዲህ አልፈራም ነበር። ለእናቴ ስነግራት ግን «እና ዳማ ከሴው ምን ሊሠራ ነበር?» ብላኛለች፤ አልተከራከርኳትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ምክንያቱም እኔ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበርኩም።

ነሐሴ 1984 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን፣ ከሰው ብዛት ግማሹ በመስኮት ነበር የሚያየው። በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ደራርቱ ሆንን። ጫማ አውልቀን፣ ቀሚስ ሸብ አድርገን፣ ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤት ደርሶ መልስ። እኔ እቀድም ነበር። ይሄን ለጉራ አይደለም የምጽፈው፤ አሁን የሚያውቁኝ ሰዎች ስለማያምኑኝ ነው።

ሁለት ዓመት ያህል ሮጥኩ። ከዚያ አንድ ቀን አክስቴ ከመንገድ ጠርታ «አንቺ ልጅ፣ ደረትሽ ወጥቷል፤ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ለእኔ አስባ። ከዚያ ቀን በኋላ ሮጬ አላውቅም። ባስ ሲያመልጠኝ እንኳ አልሮጥም። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት አልፎ ሐኪም «በእግርዎ ይሂዱ» ሲለኝ ከጭቃውና ከዝናቡ ቀድሞ የመጣልኝ የአክስቴ ድምፅ ነው። አገራችን የሯጭ አገር ናት እንላለን። አዎ፣ ሯጮቹን ቁጭ ብሎ በማየት ማን ይወዳደረናል።

ዘንቢሉ የመጣው በአጋጣሚ ነው። ሐሙስ ነበር፣ ገበያ ቀን። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ በሙሉ ማደያ በር ላይ ተሰልፈዋል። ዘንቢሌን ይዤ ሒርማታ መርካቶ በእግሬ ሄድኩ፣ ቃሪያና ሽንኩርቴን ይዤ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ሰዓቴን ሳይ 45 ደቂቃ ተጉዣለሁ። አንድም ሰው የት ነሽ አላለኝም። አንድም ሰው አላየኝም ማለት ይቀላል፤ ገበያ የምትሄድ ሴት እንደ መብራት ምሰሶ ናት፣ ሁሌም ያለች። እና ማታ ቡና ስቆላ አሳቡ መጣልኝ። በነጋታው ዓርብ፣ ምንም የማልገዛበት ቀን፣ ዘንቢሌን አንሥቼ ወጣሁ።

ጫማ? ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ስኒከር። ማታ ማታ ዘንቢሉ ውስጥ እከተውና የውጭ በር እጀታ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በሩን ስከፍት እጄ ላይ ይመጣል፤ ለማሰብ ጊዜ አይሰጠኝም። ለካ ይሄም የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ አገር በ248 ተማሪዎች ላይ የታተመ አንድ ሙከራ አለ። አንዱን ቡድን እንዲሁ ተዉት፤ በቀጣዩ ሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንቅስቃሴ የሠራው 38 በመቶው ነው። ሁለተኛውን ስለ ልብ በሽታ አስፈሪ ነገር አስነበቡት፤ 35 በመቶ። ሦስተኛው ያንኑ አንብቦ በተጨማሪ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ እሠራለሁ» ብሎ ጻፈ፤ 91 በመቶ። ማስፈራራት ምንም አልፈየደም። ለእኔም 152 በ96 የተጻፈበት ወረቀት አንድ ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ሲቀመጥ ከወንበር አላስነሣኝም፤ በር ላይ የተንጠለጠለ ዘንቢል ግን አስነሣኝ።

ውሻ ነገር ያሳስባል፤ ሲነጋጋ እንጂ በጨለማ አልወጣም። ሌላ የምለው የለኝም።

ጊዜን በተመለከተ ራሴን ብዙ አታልያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። 150ን ለአምስት ቀን ሳካፍለው 30 ደቂቃ ነው። ሦስተኛውን ስኒ እየጠበቅን በየቀኑ ከዚያ በላይ እናወራለን! ያም ሆኖ 30 ደቂቃ በአንድ ጊዜ የማላገኝበት ቀን ሞልቷል። ዱሮ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልተያያዘ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው መመሪያ ያንን አነሣው፤ የትኛዋም ደቂቃ ትቆጠራለች። ስለዚህ ቢሮ ከመድረሴ በፊት ከባጃጅ እወርድና የቀረውን በእግሬ እጨርሳለሁ። ልጄ ደግሞ ስልኬ ላይ እርምጃ መቁጠሪያ ጭና «እማዬ፣ 10,000 ካልሞላ ዋጋ የለውም» አለችኝ። ይቺ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣች ናት፤ ሐኪም ያዘዛት አይደለችም። መቁጠሪያውን አጠፋሁት። ማታ 4,000 የሚል ቁጥር እያየሁ ከማዝን የእኔ ዘንቢል ይሻለኛል።

ዝናቡ ግን ዝናብ ነው። ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይወርዳል፤ እንደ ሌላው አገር ክረምት ሲገባ ጀምሮ ሲወጣ አያቆምም፣ በልግ የሚሉትም እኛ ጋ ክረምት ነው። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ጠዋቱን ይተውልናል። የማይተውበት ቀን ሲያጋጥም በረንዳ ላይ በርጩማ አለኝ፤ ያ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። መጀመሪያ ቀን ስምንተኛው ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። አሁን አሥር አሥሩን ሦስት ዙር እሠራለሁ። ለጡንቻ የሚሆን ነገር በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመከራልና ዝናቡ ራሱ ፕሮግራም አወጣልኝ ማለት ነው። ባለቤቴ አንድ ጠዋት አይቶኝ «ምን ጠፋሽ?» አለ። መሬት ላይ የወደቀ ነገር የምፈልግ መስሎት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ስኳር አለባት፤ የቡና ጓደኛዬ ከሆነች አሥራ ሁለት ዓመት አልፎናል። ለፈጅር ሶላት ስለምትነሣ እኔ ስወጣ እሷ ደጇን እየጠረገች ነው። ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መንገዴ ላይ ቆመች።

«አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ።»

«በየቀኑ ዘንቢል ይዘሽ ትወጫለሽ። ባዶውን ነው የምትመለሺው። ምን ገጠመሽ?»

አሳቀኝ፣ ከዚያ ደነገጥኩ። ለካ ሁሉም ያያል። ነገሩን ስታጫውተኝ ደግሞ ባሰ። ባለሱቁ ከባሌ ጋር ተጣልቼ በየማለዳው እህቴ ቤት የምሄድ መስሎታል። ከጓሮ ያለችው ሴትዮ ለድብቅ በሽታ ጸበል እጠመቃለሁ ብላለች። አንዷ ደግሞ ገንዘብ ተበድሬ አበዳሪዬን በጠዋት ደጁ ላይ ልለምነው ነው የምሄደው አለች። ስፖርት ሠራች እንዳይሉኝ ስሸሽ ትዳሬን አፍርሰው፣ አሳምመው፣ ባለዕዳ አድርገውኛል። ሁለት ወር ሙሉ የደበቅኩት ነገር ከሚባለው ሁሉ የቀለለው ነበር።

እውነቱን ነገርኳት። ለአፍታ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «ለእኔም ሐኪሙ እንደዚያው ብሎኝ ነበር» አለች። «ልጆቼ ይስቁብኛል ብዬ ነው የተውኩት።» በነጋታው የራሷን ዘንቢል ይዛ መጣች።

ሁለት ስንሆን ነገሩ ሌላ ነው። ብቻዬን ሳለሁ የማልወጣበት ቀን ነበር፤ አሁን እሷ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ እንዴት እተኛለሁ? እዚህ ላይ ያው ይሉኝታ ነው ከአልጋ የሚያስነሣኝ። ፍጥነታችንን የምንለካውም በወሬ ነው። ማውራት የምትችይበት፣ መዝፈን የማትችይበት ልክ መካከለኛ ነው ይባላል። የጎረቤቴ ወሬ ሳይቆራረጥ ከፈሰሰ ቀስ ብለናል፤ እኔ «ፈጠን በይ» እላለሁ። እሷ ዝም ካለች ደግሞ ዳገት ላይ ነን።

በ2017 ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጠሙ። እኔ ሁዳዴ፣ እሷ ሮመዳን። ዱሮ ቢሆን ይሄ ለሁለታችንም የሁለት ወር ዕረፍት ነበር። ሰዓቱን ወደ ማታ አዞርነው፤ እሷ አፍጥራ፣ ትንሽ አርፋ፣ መብራት ባለበት መንገድ ሃያ ደቂቃ ቀስ ብለን። የስኳር መድኃኒቷንና የጾሙን ነገር ቀድማ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራበታለች፤ ይሄን ሳያደርግ በጾም የሚሮጥ ሰው ካለ እባካችሁ ተዉ በሉት።

ደግሞ ለቅሶ አለ። ሠርግ አለ። የእድር ተራ አለ። የእኛን ኑሮ የማያውቅ ሰው የጻፈው የስፖርት ፕሮግራም ውስጥ ለቅሶ የሚባል ሳጥን የለም። ጥር ላይ ዘመድ ሞቶብን አራት ቀን ድንኳን ውስጥ ዋልኩ፤ አምስተኛው ቀን ጠዋት «እንግዲህ ተበላሸ፣ ከሰኞ» የሚለው የዱሮ አመሌ ተመለሰ። ያዳነኝ አንድ ያነበብኩት ነገር ነው። ልማድ በ21 ቀን ይያዛል እየተባለ በቲክቶክ የሚወራው መሠረት የለውም። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ አንድ ነገር ሳይታሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አዩ፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው እስከ 254። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ነገሩን አያፈርሰውም። የእኔ አራት ቀን ነው፤ ቢሆንም ያንን ጠዋት ሰኞን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደፍረን ጅሬን ወጣን፤ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጨረሻው ዳገት ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ከዚህ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከታች ከተማው በሙሉ ይታያል። ጎረቤቴ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀችና «እዚህ ድረስ ግብር ይዞ የሚመጣ ሰው ግፊት አይኖርበትም ነበር» አለች። ስንመለስ ባጃጅ ያዝን፤ አላፈርንም።

ክብደቴ ያን ያህል አልቀነሰም። ቀሚሶቼ ያው ናቸው፤ ይሄ ያናድደኛል። ግፊቴ ባለፈው ስለካ 138 በ88 ነበር። እንቅስቃሴ ብቻውን ግፊት ላለበት ሰው የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ሊያወርድ ይችላል ይባላል፤ የቀረው የመድኃኒቱ ሥራ ነው፤ ሐኪሙም እንዳላቆም አስጠንቅቆኛል። እንቅልፌ ግን የእኔው ነው፤ ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ ነው የሚወስደኝ።

ዘንቢሉን ልተወው ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባለሱቁ «እትዬ፣ ዛሬ ዎክ የለም እንዴ?» ይለኛል። ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። ገበያ እንደምናልፍ ያወቁ ጎረቤቶች መላክ ጀመሩ። መጀመሪያ የጓሮዋ ሴትዮ፣ ያቺ ጸበል ያስጠመቀችኝ፣ ሁለት ኪሎ ድንች። ከዚያ ቲማቲም። ከዚያ የአንዷ ልጅ ፈተና ላይ ነችና ዳቦ። ጎረቤቴ ዝርዝሩን በቃሏ ትይዛለች፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መልሱን እቆጥራለሁ። ስንመለስ ዳገቷ ላይ ክንዴ ይቆረጣል፤ ዘንቢሉን ከቀኝ ወደ ግራ እያቀያየርኩ እወጣለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ አክስቴ ደወለች። አርጅታለች፣ ከቤት አትወጣም። «ጠዋት ጠዋት ትሄጃለሽ አሉ» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

«ታዲያ ነገ ስታልፊ» አለች፣ «ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል አትረሺኝ።»